በእግር ወደ ጮቄ፣ በበቅሎ ወደ ታች

ጉንደ ወይን ውስጥ ቦርሳ አዝላችሁ «ሃይኪንግ ልሄድ ነው» ብትሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ሞተ?» የሚል ነው። ቀልዴን አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ስንቅ ቋጥሮ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ከወጣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ገበያ፣ ወይ ክርክር፣ ወይ ንግሥ አለበት። ለመሄድ ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው አይታወቅም። ወረዳችን ጎንቻ ሲሶ እነሴ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ በሌላው ወደ ደጋው ይወጣል። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለት እዚህ ስፖርት ሳይሆን ኑሮ ነው። ትልቋ አክስቴ ከቆላው እህል በአህያ አስጭና፣ በጀርባዋ ደግሞ ሌላ ሸክም አዝላ ስትወጣ የአዲስ አበባ ሃይኪንግ ግሩፕ ቢያያት ኖሮ ቪዲዮዋ ቲክቶክ ላይ ሳምንት ይዞር ነበር። እሷ ግን ቤት ስትደርስ የምትለው «እስቲ ለእግሬ ውኃ አምጡልኝ» ብቻ ነው።

እናንተ ግን ስልካችሁ ላይ «ቅዳሜ እንጦጦ፣ እሑድ ወንጪ» የሚል ማስታወቂያ በየሳምንቱ የምታዩ ሰዎች ናችሁ። እኔም አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ የዋለ ትውልድ እግሩን ማፍታታቱ መልካም ነው። ነገር ግን እንጦጦ ላይ ግማሽ ቀን መውጣትና ከ3,500 ሜትር በላይ ማደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ያወቅኩት በጥር 2015 ጮቄ ላይ ነው፤ ማለቴ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ወር ነው። ታኅሣሥ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የ2022 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 32 መንደሮች መካከል የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር አንዱ ሆነ። ዓመት ቀደም ብሎ ወንጪ ተመርጣ ነበር። ዜናው ስልካችን ላይ በአንድ ቀን ዞረ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ ሊንኩን ልኮልኝ ከሥሩ «ጥምቀትን እናንተ ጋር ነኝ፣ ከዚያ ጮቄ!» ብሎ ጻፈ። እሱ የሃይኪንግ ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ከግሩፑ ጋር የማይወጣው ጋራ የለም።

መጣ። ጥምቀትን አብረን አከበርን። ቦርሳውን ስናይ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔን ግማሽ ያክላል። ሦስት ፓወር ባንክ፣ ስፒከር፣ አራት ሱሪ፣ የታሸገ ቱና፣ ግንባር ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ፣ ድንኳን። የተራራ ተጓዦች የሚሉት የቦርሳ ክብደት ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ መያዝ ማለት ነው። ስፒከሩን እናቴ ተረከበች፣ በቦታውም አንድ ኪሎ ያህል በሶ ከተተችበት።

በሶን እዚህ ጋ ልለፈው አልችልም። ተራራ ላይ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሙቀቱ አነስተኛ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ድንቹ አይበስልም፣ ማገዶው ያልቃል፣ እናንተም በረሃብ ትቆማላችሁ። በሶ ደግሞ ቀድሞ የተቆላ ገብስ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ይበጠበጣል ወይ ይጨበጣል፣ አለቀ። በሌላ አገር ሰዎች በብዙ ዶላር የሚገዙት «የተራራ ምግብ» ከዚህ የተሻለ ነገር የለውም። ዳቦ ቆሎም እንደዚሁ።

አራት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የሰፈሬ ልጅ የሆነ አስተማሪ፣ ነርሲንግ የምትማር አንዲት ጓደኛችን። ሞጣ ላይ መኪና ቀይረን ድጓ ጽዮን ገባንና እዚያ አደርን። ከሞጣ በድጓ ጽዮን አድርጎ የጮቄን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ረቡዕ ገበያና ደብረ ማርቆስ የሚወርደው መንገድ አለ። ሐሳባችን መኪናውን ትተን፣ ከመንገዱ ራቅ ብለን በሦስት ቀን በእግር ወደ ደብረ ማርቆስ ወገን መውጣት ነበር።

የአክስቴን ልጅ መንገድ ላይ ሁሉም አስጠነቀቀው። «ቀስ በል፣ ውኃ ጠጣ»። መልሱ አንድ ነበር፤ «እኔ እኮ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ደሜ የደጋ ነው!» አስተማሪው ጓደኛችን «ደምህ የደጋ ይሁን፣ ሳንባህ ግን የቦሌ ነው» አለው። ሳቅን።

ሳቁን ትተን ነገሩን ብናየው፣ የአክስቴ ልጅ አባባል ግማሹ እውነት አለው። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳትመው ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ወይም የኦክስጅን መጠኑ ይቀንሳል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የቲቤቶቹ ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ነው። የኛዎቹ ደገኞች ግን ሁለቱም ቁጥር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ። ተመራማሪዎቹ «የኢትዮጵያ መንገድ» ብለው ለብቻው መደቡት። የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ምን መሰላችሁ፣ ይህ የተለካው እዚያው ተወልደው እዚያው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። አያትህ ደገኛ ስለነበሩ ብቻ አንተ ከቢሮ ተነሥተህ በሁለት ቀን እንደነሱ ትሆናለህ የሚል ነገር የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ጠረፍም ሆነ ጮቄ አናት ላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ አነሰ ማለት ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰው ከኬንያ ጠረፍ ከሚመጣ ሰው የተሻለ ጅምር አለው። ጅምር ነው እንጂ ክትባት ግን አይደለም።

የሐኪሞች ምክር ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ፣ የዛሬ ማደሪያችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፤ በየሦስት ወይ አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ዕረፉ። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ቀን የወጣችሁት ሳይሆን ሌሊት የተኛችሁበት ከፍታ ነው። የሰሜን ተራሮችን ጉዞ ያየ ሰው ይህን ሳያውቀው ሠርቶታል። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ናቸው። በየማደሪያው ቀስ እየተባለ ይወጣል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሽን የሚደረሰው ሰውነት ከለመደ በኋላ ነው። እዚያ ፓርክ አለ፣ አስጎብኚ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የተለመደ ካምፕ አለ። ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ የተሰናዳ ነገር እምብዛም የለም። ያለው የሰው ቤት ነው።

እኛም ለመጀመሪያው ሌሊት ያሰብነው ቤት መሐል ላይ ነበር፤ የአስተማሪው ዘመዶች። ስንደርስ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሁሉም ለቅሶ ሄደዋል። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው፣ ደመና የለም፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከነበቅሏቸው ወደ ላይ እየሄዱ አገኙንና «ኑ ልጆቼ፣ እኔ ዘንድ ታድራላችሁ፣ ሜዳ ላይማ አታድሩም» አሉን። የጎጃም ሰው እንዲህ ካለህ እንቢ አይባልም። ተከተልናቸው። ቤታቸው ስንደርስ ስልኬ 3,600 ሜትር አሳየኝ።

የአክስቴ ልጅ ከመሸ በኋላ ዝም አለ። እሱ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ራሱን እንደሚያመው አምኖ የተናገረው ነርሷ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ከጠየቀችው በኋላ ነው፤ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ያመው ነበር። የእንግዶ ዳቦና ድንች ቀረበ። (እንግዶ ማለት ጮቄ ላይ ገብስ እንኳ የሚያስቸግረው መሬት ላይ የሚበቅል የአጃ ዘመድ ነው፤ እንጀራም ይሆናል።) አልበላም። ወጥቶ አስመለሰ። የቤቱ እመቤት አይተው «ብርድ ነው የመታው» አሉና ነጭ ሽንኩርት ይልጡለት ጀመር፤ አረቄም ተነሣ። ነርሷ «እማዬ፣ አረቄው ይቅርበት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አልኮል ትንፋሹን ይብስበታል» ብላ በትሕትና መለሰች። ማስታገሻ ሰጠችው። ራስ ምታቱ ትንሽ ቀለለው።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሥቶ በሩን አጣው። በሩ ፊት ለፊቱ ነው። እንደሰከረ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ይዳስሳል። እኔ እንቅልፍ ነው ብዬ ነበር። ነርሷ ግን ተነሣች፣ ደጅ አወጣችው፣ የስልኳን መብራት መሬት ላይ አበራችና «ተረከዝህን ከሌላው እግርህ ጣት ጋር እያገናኘህ በቀጥታ ሂድልኝ» አለችው። ከቤቱ ጀርባ የታረሰ ማሳ ነበር፤ ትልሙን ተከትሎ እንዲሄድ ነገረችው። ሦስት እርምጃ ሄዶ ወደ ግራ ወደቀ። አነሣነው። ደገመ። ወደቀ።

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ራስ ምታቱና ትውከቱ ብቻ ቢሆን እዚሁ አሳርፈን እናየው ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነው። አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ መውረድ አለበት።»

ቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሽማግሌው «ይነጋ እንጂ ልጄ፤ ውርጩ አለ፣ ጅቡ አለ፣ መንገዱ ገደል ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ተራራው ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጥር ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። አስተማሪው ወደ 907 ይደወል አለ፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ማለቱ ነው። ኔትወርክ የለም። ደግሞስ ቢኖር አምቡላንሱ በየት ይወጣል? የአክስቴ ልጅ ራሱ «ደህና ነኝ፣ ተኝቼ ልነሣ» ይላል። ነርሷ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም መለሰች፤ «ደህና ነኝ የሚለው አንጎሉ ነው፤ የታመመውም እሱ ነው። እስኪነጋ ብንጠብቅ ላይነሣ ይችላል።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ እሳቱን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወጡ። ስከተላቸው በቅሎዋን ይጭናሉ።

በሕክምናው ረገድ ልጅቷ ልክ ነበረች። የከፍታ ሕመም ሁለት ገዳይ መልክ አለው። አንዱ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ነው፤ ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የከንፈር መጥቆር ምልክቶቹ ናቸው። ሌላው የአንጎል እብጠት ነው፤ ምልክቱ መንገዳገድ፣ መደናገር፣ ከዚያም አለመንቃት። ሁለቱም ሲመጡ ትልቁ መድኃኒት አንድ ነው፤ መውረድ። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ልዩነት ያመጣል። ኦክስጅንና መርፌ ቢኖር ይረዳል፤ ግን መውረድን አይተካም። አሴታዞላሚድ የሚባል፣ በንግድ ስሙ ዲያሞክስ፣ ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ የሚረዳ ክኒን አለ። ከጉዞ በፊት ሐኪም አማክራችሁ የምትወስዱት እንጂ ጓደኛ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጣችሁ አይደለም። ማስታገሻ ደግሞ ራስ ምታቱን ይሸፍናል፤ በሽታውን ግን አያቆምም። የአክስቴ ልጅ ማታ «ቀለለኝ» ያለው በዚያ ነው።

ወረድን። በቅሎዋ ላይ እሱ፣ በቀኝ እኔ ደግፌው፣ በግራ አስተማሪው፣ ከፊት ሽማግሌው ልጓሙን ይዘው። ጋቢያቸውን ለሱ አልብሰው እሳቸው በሸማ ብቻ ነው የወጡት። ነርሷ ከኋላ እያወራችው ትከተላለች፤ «ስምህ ማን ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ግሩፓችሁ ባለፈው የት ነበር የሄደው?» ሲመልስ እንሰማለን፤ ሲዘገይም እንሰማለን። ሲዘገይ ያለው ዝምታ ነው ያስፈራኝ።

ለስልክ ሰዎች አንድ ነገር ላስገባ። የአራታችን ስልክ ማታ ላይ ከ60 በመቶ በላይ ቻርጅ ነበረው። ብርዱ ላይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ ጠፉ። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ተራራ ላይ ስልክና ፓወር ባንክ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከልብስ ሥር፣ ሰውነት ላይ ነው የሚያዘው፤ ሌሊትም አብሯችሁ ይተኛል። በዚያ ሌሊት ያዋጣን ያ የሳቅንበት የግንባር ባትሪ ነው። ሽማግሌው ግንባራቸው ላይ ነበር፣ ከሻሻቸው በላይ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድን፣ ከሽማግሌው ቤት ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን፣ እህታቸው ቤት ደረስን። ውሻው ጮኸ፣ በር ተከፈተ፣ ማንም «ለምን በሌሊት?» ብሎ አልጠየቀም። እሳት ተቀጣጠለ። የአክስቴን ልጅ ትራስ ከፍ አድርገን አጋደምነው። ነርሷ አልተኛችም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ዓይኑን ገልጦ «ስፒከሬ የት ነው?» አለ። ስፒከሩ ጉንደ ወይን እናቴ ጋ መሆኑን ስነግረው «አዎ፣ ረስቼው ነው» አለ። ያኔ ነርሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደፈራች እንኳ አላወቅንም ነበር።

ጠዋት ትልም ላይ ቆሞ ሄደ፤ አልወደቀም። ከዚያ ድጓ ጽዮን ወርደው ጤና ጣቢያ ታየ፤ ጣቱ ላይ መለኪያ አድርገው ኦክስጅኑን ለኩለት፤ ደህና ነበር። እኔ ግን አብሬያቸው አልወረድኩም። ሽማግሌው በቅሏቸውን ይዘው ብቻቸውን ሲመለሱ ዝም ብዬ መቅረት አልሆነልኝም። አብሬያቸው ወጣሁ፤ በማግስቱም ከቤታቸው ተነሥተን ወደ አናቱ ወሰዱኝ።

ጮቄን እንግዲህ ያየሁት ከሳቸው ጋር ነው። ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጉንደ ወይን በስተ ደቡብ ምዕራብ። ከሩቅ ሲታይ እንደ ሰሜን ተራሮች የተሰነጣጠቀ ገደል የለውም፤ ሰፊ፣ ክብ፣ የተኛ ነገር ነው። ሰው «ይሄ ምኑ ተራራ ነው?» ሊል ይችላል። አናቱ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ግን ጎጃም ሁሉ ከሥራችሁ ነው። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሌሎችም ብዙዎች፣ ሁሉም ከዚህ ትከሻ ተነሥተው በየአቅጣጫው ይወርዱና ዞረው ዞረው ዓባይ ላይ ይገናኛሉ። ሕዳሴ ግድብ ላይ ዛሬ ከተጠራቀመው ውኃ የተወሰነው በዚህ ጓሳ ሥር ያለፈ ነው።

ጅብራ በሽ በሽ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሰው የቆመ ይመስላል። ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆይና፣ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ይሞታል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። አስታውና አሜጃው ግን በየስንጥቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካልሆነ አልታየኝም። ዓይኔን ያስደነገጠው ሌላ ነበር። ገብስና ድንች እስከየት እንደወጣ! ዳገቱ ላይ ሰው ተንበርክኮ ካልሆነ የማይቆምበት ቦታ ታርሷል። በክረምት ያ አፈር የት እንደሚሄድ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ወንዞቹ ቀይ ሆነው ሲወርዱ ታች ያለን ሰዎች እናየዋለን።

«አያ፣ እዚህ ድረስ ማረስ ድሮም ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም! አባቴ ከዚህ በላይ ከብት ነው የሚያሰማራው። ይሄ ጓሳ ነበር። መሬቱ እንደሆን አይወልድ፤ እኛ ወለድን። ልጅ ሲያገባ ወዴት ላድርገው? ወደ ላይ ነዋ።»

ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። አባታቸው ከብት ሲጠብቁ ያዩት እንደነበር ነገሩኝ፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ካልሆነ አላዩም። ይህ በጥናትም የተመዘገበ ነው፤ ጮቄ ላይ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ሁሉ ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ሽማግሌውን በዚህ የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ሦስት ልጆች ድርሻ መሬት የሚጠይቋቸው ሰው ናቸው። ግን አንድ በቅሎ ለተጓዥ በቀን የሚከራይበት፣ ልጃቸው መንገድ እየመራ ደመወዝ የሚያገኝበት፣ እህታቸው የሚያድር ሰው ተቀብላ የምትከፈልበት ቢሆን፣ ያ ላይኛው ማሳ በድጋሚ ጓሳ ቢሆን እንደማይከፉ ነግረውኛል። ሒሳቡን እንኳ ሠርተውታል፤ ለመሄድ ብለው የሚሄዱ ሰዎች ሲበዙ ይጠቅማሉ ሲሉ ፈገግ ብለው ነው።

ስለዚህ ለምትሄዱ፣ ጮቄም ይሁን ጉና ወይም አቡነ ዮሴፍ፣ ከእኔ ወገን የሚባል አለኝ። የአገሬውን ሰው ያዙ፣ ክፈሉትም። በቅሎ ለሻንጣ ብቻ ሳይሆን ለሰው እንድትሆን ከመጀመሪያው ተከራዩ። ቀስ በሉ፤ እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ራሱን የሚያመው ሰው ወዲያው ይናገር፤ ግሩፑም ለተናገረው ሰው አይሳቅበት፣ ምክንያቱም መደበቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወራቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ጭጋጉና ጭቃው አያስኬድም። ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበት አካባቢ ሰላም መሆኑን ከዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለይስሙላ አልጻፍኳትም። እኛ ከጮቄ በወረድን በስድስት ወር፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ቦርሳ አዝሎ ለመዝናናት የሄደ ሰው አላጋጠመኝም። የቱሪዝም መንደሩ ዜና ስልካችን ላይ ከነፎቶው እንዳለ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንጦጦ ይወጣል፤ አሁን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው የሚሄደው፤ ራሱን የሚያመው ሰው አለ ወይ እያለ ይጠይቃል አሉ። ሽማግሌውን ገንዘብ ቢለምኗቸው እንቢ ብለው ነበር፤ «የታመመ ሰው አውርጄ ዋጋ ልቀበል?» ብለው። የግንባሩን ባትሪ ግን ተቀበሉ። ኔትወርክ የያዘላቸው ቀን አንድ ጊዜ ደውለውልኛል። ሌሊት ገብስ ሲጠብቁ ያስሩታል፤ አሁን ግን ብርሃኑ እየደከመ ስለሆነ የሚሞላበት ገመድ ጉንደ ወይን ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው። ገመዱን ገዝቼ በሞጣ መኪና ልኬላቸዋለሁ።